ታይ ቺን ከቤት ሳይወጡ በቪዲዮ ለመማር

በዝግተኛ እንቅስቃሴው የሚታወቀውን የቻይና ማርሻል አርት ታይ ቺን ከኢንተርኔት ቪዲዮ ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ወይም ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ከአስተማሪው ጋር አብሮ እጁን ማንሣትና ማውረድ ይጀምራል። ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ የተሳካ ይመስላል፤ ቪዲዮው ሲጠፋ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንቅስቃሴዎች እንኳ ለብቻው መሥራት ያቅተዋል። ይህ የማስታወስ ችሎታ ማነስ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ሰው ስናይ ዓይናችን በተፈጥሮው እጅን ተከትሎ ይሄዳል፤ ታይ ቺ ግን ከእግር ይነሣል። ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሸጋገር ወገብ ይዞራል፣ ወገብ ሲዞር ክንድ ይከተላል፣ እጅ መንቀሳቀስ የሚጀምረው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ተቀምጠው ሊያጠኑት ይገባል፤ ልምምዱ የሚጀምረው ቪዲዮው ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው።

የስልትና የፎርም ምርጫ

ታይ ቺ በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ በቼን ቤተሰብ መንደር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ማርሻል አርት ነው። ያንግ ሉቻን (እ.ኤ.አ. 1799–1872) ከቼን ቤተሰብ ተምሮ ወደ ቤይጂንግ ወሰደው፤ የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) ደግሞ ዛሬ ታይ ቺ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚስለውን፣ ሰፊና ዝግ ያለ፣ ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሆነውን አሠራር አስፋፋ። በአሁኑ ጊዜ ቼን፣ ያንግ፣ በቻይንኛ አጻጻፋቸው የሚለያዩት ሁለቱ ዉ እና ሱን የሚባሉት አምስት የቤተሰብ ስልቶች ይታወቃሉ። ዩኔስኮም ታይ ቺን እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የቼን ስልት ዝቅ ባለ አቋቋም የሚሠራና ዝግታውን በድንገተኛ ኃይል የሚያቋርጥ በመሆኑ ጭንና ጉልበትን አብዝቶ ይፈትናል። የሱን ስልት ከፍ ባለ አቋቋምና በአጫጭር እርምጃ ስለሚሠራ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ይስማማል። የያንግ ስልት በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሲሆን ጀማሪ በቀላሉ ሊከተለው የሚችለው እርሱ ነው።

ለብቻው የሚማር ሰው በእኔ እምነት ሊይዘው የሚገባው የያንግ ስልትን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1956 በቻይና የስፖርት ኮሚሽን የተዘጋጀውን ባለ 24 እንቅስቃሴ ፎርም፣ ማለትም በተወሰነ ቅደም ተከተል ሳይቋረጥ የሚሠራ የእንቅስቃሴዎች ሰንሰለት ነው። ይህን የምለው ከሌሎቹ የላቀ ነው ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም የቤተሰብ ስልቶችን የሚያስተምሩ አንዳንድ መምህራን ብዙ ነገር የተቀነሰለት እንደሆነ አድርገው ይቆጥሩታል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሙሉ ፎርሙ ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ በየቀኑ ሊደገም ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎች ስለሚያስተምሩት አንዱ አስተማሪ ያላብራራውን እርምጃ ሌላው ሲያብራራው ማግኘት አያስቸግርም። ይህ ማለት ግን በየቀኑ አስተማሪ ይቀያይሩ ማለት አይደለም። የእጅ ከፍታ፣ የእግር ማዕዘን፣ የእርምጃ ስፋት ከአስተማሪ አስተማሪ በጥቂቱ ይለያያል፤ ጀማሪ የሁሉንም ሲቀላቅል የማንንም ሳይይዝ ይቀራል። ቢያንስ ለስድስት ወር አንድ ዋና አስተማሪ ይምረጡና ሌሎቹን ጥያቄ ሲያጋጥምዎት ብቻ ይመልከቱ።

ጥሩ ቪዲዮ በምን ይታወቃል?

በመጀመሪያ ትርኢትን ከትምህርት ይለዩ። አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ ሙሉውን ፎርም ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ለማየት ያማረ ቢሆንም የሚያስተምረው ጥቂት ነው። ትምህርት የሚባለው ለአንድ እንቅስቃሴ አሥር ደቂቃ የሚሰጥ፣ ክብደቱ አሁን በየትኛው እግር ላይ እንዳለ በቃል የሚናገር፣ ጀማሪዎች የሚሳሳቱትን አስመስሎ የሚያሳይና ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም የተቀረጸ ነው። የአስተማሪው ልብስ ተራ ጉዳይ ቢመስልም ልብ ሊባል ይገባል፤ እስከ መሬት የሚደርስ ሰፊ የሐር ሱሪ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ስለሚሸፍን ዋናው ሥራ የሚሠራበት ቦታ አይታይም። እግሩ ከቪዲዮው ጠርዝ ውጭ የሚቀርበትን አስተማሪ ምንም ያህል ዝናው ቢገን ይለፉት።

የግራና የቀኝ ጉዳይ ብዙ ጀማሪዎችን ግራ ያጋባል። አስተማሪው ወደ እርስዎ ፊቱን አዙሮ ሲቆም የእርሱ ግራ እጅ በእርስዎ ቀኝ በኩል ይታያል። አንዳንዶቹ ይህን ለማቃለል ራሳቸው በተቃራኒው እየሠሩ ያሳያሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቪዲዮውን እንደ መስተዋት ይገለብጡታል። በባለ 24ቱ ፎርም መክፈቻ ላይ መጀመሪያ ወደ ጎን የሚወጣው ግራ እግር ስለሆነ ይህችን እርምጃ መፈተኛ ያድርጓት። ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞረው አስተማሪ የሚያወጣው እግር በቪዲዮው ቀኝ በኩል ከታየ አሠራሩ አልተገለበጠም ማለት ነው፤ በግራ በኩል ከታየ ለተመልካች እንዲመች ተገልብጧል። በልብሱ ወይም በግድግዳው ላይ ያለ ጽሑፍ ተገልብጦ ከተነበበም የተገለበጠው ቪዲዮው ራሱ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን አስተማሪውን ከጀርባው የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ የእርሱ ግራ የእርስዎም ግራ ስለሚሆን ምንም ስሌት አያስፈልገውም።

ሰውን ሳይነካ ከሩቅ የሚጥል መምህር ወይም ካንሰር የሚያድን ልምምድ የሚያቀርብ ካጋጠመዎት ጊዜዎን አያባክኑ። በጥናት የተደገፈው ጥቅም ከዚህ የረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እንቅስቃሴንና ሚዛንን የሚያውከው የፓርኪንሰን በሽታ ያለባቸውን 195 ሕሙማን ለ24 ሳምንታት የተከታተለ ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ሰዓት ታይ ቺ የሠሩት የሰውነት ሚዛናቸው ጡንቻ የማሳሳብ እንቅስቃሴ ከሠሩት የበለጠ ተሻሽሏል፤ መውደቃቸውም ቀንሷል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው ግምገማም ታይ ቺ የአረጋውያንን የመውደቅ መጠን በ19 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የፓርኪንሰን ሕሙማኑ የተማሩት ስሕተታቸውን አይቶ የሚያርም አሠልጣኝ ባለበት ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው። በቤት የሚማር ሰው ይህን አራሚ በሌላ መንገድ መተካት አለበት፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ቦታና ጫማ

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ለነጠላ እንቅስቃሴ ክንድዎን ዘርግተው የሚዞሩበትና ሁለት ሦስት እርምጃ የሚሄዱበት ባዶ ቦታ ይበቃል፤ ሙሉው ፎርም ወደ ጎን ረዘም ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ጠባብ ከሆነብዎት ግን ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ተመልሰው ይቀጥሉ። ጫማው ተረከዙ ከፍ ያላለ፣ መርገጫው ስስና ጠፍጣፋ ይሁን። ወፍራም ምንጣፍ እግር ሲዞር ይይዝና ጉልበትን ይጠመዝዛል፤ በካልሲ ብቻ በሚያንሸራትት ወለል ላይ መሥራትም አደገኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ፎርሙን ከመጀመርዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለመቆም፣ ክብደት ለማሸጋገርና ለመራመድ ይስጡ። አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ይህን በጥቂት ደቂቃ ያልፉታል፤ ተመልካች እንዳይሰለች በመስጋት ይመስለኛል። በአካል የሚማር ሰው አሠልጣኙ በየጊዜው ወደ እነዚህ መሠረቶች ይመልሰዋል፤ በቤት የሚማረው ግን ራሱ ካልተመለሰ የሚመልሰው የለም።

ሲቆሙ እግሮችዎን በትከሻ ስፋት ያራርቁና ጣቶቹን ወደ ፊት ያቅኑ። ጉልበትዎ ከመቆለፍ ይላቀቅ እንጂ አይታጠፍ፤ አገጭዎ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሰብሰብ፣ አናትዎ ወደ ላይ ቀጥ ይበል፣ ትከሻዎ ይውረድ፣ ብብትዎ በጥቂቱ ክፍት ይሁን። ክብደትዎ በተረከዝ ወይም በጣቶች ላይ ሳይሆን በውስጥ እግርዎ መካከል እንዲያርፍ ያድርጉ። ከሁለት ደቂቃ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ አምስት ያሳድጉ። በዚህ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ቢኖር ሳያውቁት የተወጠረውን ቦታ እየፈለጉ ማላላት ነው፤ ብዙ ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው መውጣቱን የሚያውቀው ዝም ብሎ ሲቆም ነው።

ክብደት ማሸጋገርን በቀስት አቋቋም ይለማመዱ። ግራ እግርዎን ወደ ፊት ያውጡ፤ የኋለኛው እግር ጣቶች 45 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ይዙሩ። ሁለቱ እግሮች ግን በአንድ መስመር ላይ አይሁኑ፤ ከላይ ሆኖ ሲታይ በመካከላቸው የዳሌ ስፋት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ካለበለዚያ በገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይንገዳገዳሉ። ከዚያ ክብደትዎን ቀስ ብለው ወደ ፊት ያሳልፉ፤ ከክብደትዎ ሰባ በመቶ ያህሉ በፊተኛው እግር ላይ ሲያርፍ ይቁሙ፤ ወደ ኋላም ይመልሱት። የፊተኛው ጉልበት ከእግር ጣቶች ጫፍ አይለፍ፤ ወደ ውስጥም አይዝመም፤ የሚጠቁመው ወደ ሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ይሁን። በታይ ቺ ልምምድ ላይ የሚደርሰው የጉልበት ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው ይህ መስመር ሲሰበር፣ በተለይም ሙሉ ክብደት በተሸከመ እግር ላይ ሲዞሩ ነው። እግር ከማዞርዎ በፊት ክብደቱን ወደ ሌላው ያሳልፉ፣ ከዚያ ባዶውን እግር በተረከዙ ላይ ያዙሩት፣ ከዚያ ክብደቱን ይመልሱለት። የጭን ጡንቻ ቢዝልና ቢንቀጠቀጥ ጤና ነው፤ ጉልበትዎ ላይ ሕመም ከተሰማዎት ግን ያቁሙ፣ አቋቋምዎን ከፍ ያድርጉ፣ መስመሩንም ደግመው ይመርምሩ።

የታይ ቺ እርምጃ ከተለመደው እርምጃ የሚለየው መሬቱን የሚነካው እግር ባዶ በመሆኑ ነው። ስንራመድ አብዛኞቻችን ወደ ፊት እንወድቅና በእግራችን እንያዛለን። በታይ ቺ መጀመሪያ በአንድ እግር ላይ ሙሉ በሙሉ ይቆማሉ፣ ሌላውን ወደ ፊት ይልኩና ተረከዙን ያለ ክብደት ያሳርፋሉ፤ ክብደቱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በትክክል መሥራትዎን የሚያውቁበት ቀላል መፈተኛ አለ፤ ተረከዝዎ መሬት እንደነካ እግርዎን መልሰው ያንሡት። ሰውነትዎ ሳይወዛወዝ ከተነሣ እርምጃዎ ልክ ነው፤ ካልተነሣ ወይም ገላዎ ወደ ኋላ ከተወረወረ እርምጃዎ ረዝሟል፣ ስለዚህ ያሳጥሩት። ይህን መፈተኛ ፎርሙን ከጨረሱ በኋላም ቢሆን በየጊዜው ይጠቀሙበት።

ከቪዲዮው ጋር እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ አንድ እንቅስቃሴ እንምጣ። ወንበር ላይ ይቀመጡና የዕለቱን ክፍል፣ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ሰከንድ ያልበለጠውን፣ ደጋግመው ይመልከቱ። በመጀመሪያ እንዲሁ በጠቅላላው ይዩት። ከዚያ የቪዲዮውን የላይኛውን ግማሽ በወረቀት ይሸፍኑና እግሮቹን ብቻ ይመልከቱ፤ የትኛው እግር ባዶ እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ፣ ወደየት እንደዞረ ጮክ ብለው ይናገሩ። ወረቀቱን አንሥተው እንደገና ሲያዩ ደግሞ ዓይንዎን በቀበቶው ላይ ያሳርፉና ወገቡ በየትኛው ቅጽበት እንደሚዞር ይከታተሉ። እጆቹን የሚያዩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እጆቹ ለምን ወደዚያ እንደሄዱ በአብዛኛው ራሱ ግልጽ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ ቪዲዮውን ያጥፉና ይነሡ፤ መጀመሪያ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው እግሩን ብቻ፣ ቀጥሎ ሁሉንም አንድ ላይ ይሥሩ። የረሱት ነገር ካለ ተመልሰው ይቀመጡ እንጂ ቆመው አይፈልጉት።

የቪዲዮ ማጫወቻው ፍጥነት መቀነሻና አንድን ክፍል ደጋግሞ ማጫወቻ ካለው ይጠቀሙበት። ፍጥነቱን መቀነስ የሚጠቅመው ለማየት ነው፤ በግማሽ ፍጥነት የሚጫወተውን ቪዲዮ እየተከተሉ መሥራት ግን ትንፋሽንም ሚዛንንም ያዛባል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር በወረቀት ይመዝግቡ፤ ቪዲዮውን ወደ ኋላና ወደ ፊት በመጎተት የሚባክነው ጊዜ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው።

ቪዲዮውን እያዩ መሥራት የማይቻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ከመክፈቻው በኋላ ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው «የፈረስ ጋማ መክፈል» የተባለው እንቅስቃሴ ወደ ግራ ስለሚሄድ ቪዲዮው በቀኝ ትከሻዎ በኩል ይቀራል፤ «የወፏን ጅራት በቀኝ በኩል መያዝ» የተባለው እንቅስቃሴ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራሉ። ስለዚህ ቪዲዮውን ለማየት አንገትዎን በጠመዘዙ ቁጥር አናትዎ፣ ትከሻዎና ወገብዎ ከተገቢው መስመር ይወጣሉ፤ ይህ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። መፍትሔው ድምፅ ነው። የእንቅስቃሴዎቹን ስምና አንድ ሁለት ማስታወሻ በራስዎ ድምፅ፣ በልምምድዎ ፍጥነት ስልክዎ ላይ ይቅረጹ፤ «ክብደት ወደ ቀኝ፣ ግራ ተረከዝ ባዶ፣ ወገብ ወደ ግራ» የመሰለ አጭር ቃል በቂ ነው። ይህን እያዳመጡ ፊትዎን ወደፈለጉበት አዙረው መሥራት ይችላሉ።

በሳምንት ከአንድ አዲስ እንቅስቃሴ በላይ አይጨምሩ፤ በዚህ ፍጥነት ባለ 24ቱ ፎርም ስድስት ወር ገደማ ይወስዳል። ሁለት እንቅስቃሴዎችን የሚያገናኘውን ሽግግር እንደ ራሱ እንቅስቃሴ ይቁጠሩት፤ የሚረሳውም የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ተረከዝ የሚመታባቸውን እንቅስቃሴዎች ከጉልበት በታች ባለ ከፍታ፣ በአንድ እግር ወደ መሬት ዝቅ የሚባልባቸውን ደግሞ በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ብለው ይሥሩ። አስተማሪው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም ማለት እርስዎም እዚያ መድረስ አለብዎት ማለት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመሥራት ይልቅ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መሥራት ይሻላል። ስለ ትንፋሽም ለጊዜው አይጨነቁ፤ በአፍንጫ፣ በተፈጥሯዊ መንገድ ይተንፍሱ። ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር ማዋሐድ ፎርሙ ሳይታሰብ መፍሰስ ሲጀምር የሚመጣ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት በግድ ሲሞከር ደረትን ከማጨናነቅ ሌላ ውጤት የለውም።

አራሚውን መተካት

ስልክዎን በዳሌዎ ከፍታ ያቁሙና በሳምንት አንድ ጊዜ ከፊትና ከጎን ራስዎን አንድ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። ቅጂውን ሲያዩ ውበቱን አይመዝኑ፤ የሚፈልጉት የተወሰኑ ነገሮችን ነው። ከኋላዎ ባለው ግድግዳ ላይ የመስኮት ጠርዝ ወይም ሌላ አግድም መስመር ካለ አናትዎ ከእርሱ አንጻር ከፍና ዝቅ ሲል ይታያል፤ በእርምጃ መካከል የሚዘል አናት ክብደቱ በትክክል አለመተላለፉን ያመለክታል። ከጎን ሲታዩ ገላዎ ወደ ፊት አዘንብሎ እንደሆነ፣ ከፊት ሲታዩ የኋለኛው ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ወድቆ እንደሆነ ይመርምሩ። ቅጂውን ቆም እያደረጉ እጅዎ እግርዎን ቀድሞ ይደርስ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መድረስ አለባቸው፤ በጀማሪ ቅጂ ላይ ግን እጅ ሁልጊዜ ይቀድማል ማለት ይቻላል። ካገኙት ስሕተት አንዱን ብቻ ይምረጡና በሚቀጥለው ሳምንት በእርሱ ላይ ይሥሩ። አምስቱን በአንድ ጊዜ ለማረም የሚሞክር ሰው ሰውነቱ ደርቆ ይቀራል።

ይህም ቢሆን ሙሉ መተኪያ አይሆንም። አቅሙ ካለዎት በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ አንድ ሰዓት የሚያይዎትን አስተማሪ ይፈልጉ፤ የቀረጹትን ልከው የጽሑፍ እርማት የሚቀበሉበትም መንገድ አለ። ለአንድ ሰዓት እርማት የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ የተቀረጹ ትምህርቶችን ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል።

የአጥንት መሳሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የልብ ችግር ወይም የማዞር ስሜት ያለብዎት ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርገው ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ሚዛንዎ የማያስተማምን ከሆነ ጠንካራ ወንበር በአጠገብዎ ያኑሩ፤ ተቀምጠው የሚሠሩ የታይ ቺ ትምህርቶችም በቪዲዮ ይገኛሉ። ማዞር ከተሰማዎት ልምምዱን ያቁሙ።

ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አነካክተው አንዱ የሌላውን ኃይልና ሚዛን የሚያዳምጥበት የእጅ ግፊያ ልምምድ ግን በቪዲዮ አይገኝም፤ ሌላ ሰው የግድ ያስፈልገዋል። አጋር ካገኙ ፎርሙን ለጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ በአንድ እጅ ከሚደረገው ቀላል ዙር ይጀምሩ፤ አጋርዎ በእርጋታ ሲገፋ በክንድ ሳይቃወሙ ክብደትዎን ወደ ኋለኛው እግር ያሳልፉና ወገብዎን ያዙሩ። የመጀመሪያው ትንሽ ግፊት ሚዛንዎን ካሳተዎት በዚያች ጊዜ ክብደትዎ የት እንደነበር ይጠይቁና ልምምድዎን ከቀስት አቋቋሙ እንደገና ይጀምሩ።